በጣና ዳር የተከራየሁት የጡረታ ቤት፦ የ3 ወር ቆይታ ግምገማ

ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ድረስ በባሕር ዳር ከተማ፣ ከሐይቁ ጥቂት እርምጃ ርቆ በተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተከራይቼ ተቀምጫለሁ። ቤቱ የሚከራየው ከነሙሉ ዕቃው፣ ከወጥ ቤት ሠራተኛና ከዘበኛ ጋር ሲሆን፣ ያገናኘኝ ደላላ «ከውጭ ለሚመለሱ ጡረተኞች ታስቦ የተሠራ ነው» ብሎ ነበር ያስተዋወቀኝ። የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ 31 ዓመት ኖሬ ሥራ ያቆምኩት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ ቀሪውን ዕድሜዬን እዚያው ከልጆቼ አጠገብ ልጨርሰው ወይስ ተወልጄ ወዳደግኩበት ከተማ ልመለስ የሚለውን ጥያቄ በወሬ ከማመላለስ ኖሬ ልየው ብዬ ነው። ስለዚህ ቤቱን የመዘንኩት እዚያው ለማርጀት በሚያስብ ሰው ዓይን ነው። ሚዛኑ ለባለቤቶቹ ከብዷቸው ይሆናል፤ ነገር ግን «ለጡረተኞች» ያሉት እነርሱ ናቸው።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ከፎቁ ሰገነት ላይ ሆኖ ጣናን በማለዳ ማየት ገንዘብ ይከፈልበታል ቢባል አልከራከርም። ጎሕ ሲቀድ ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ቀዛፊው ከሩቅ ሲታይ ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በእነዚያ ወራት ቤቱ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አላስፈለገውም። ሜሪላንድ ጥር ሲገባ እንቅልፍ የሚነሳኝ የቀኝ ጉልበቴ ሕመም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጋብ አለልኝ፤ አልታጠፍም ማለቱን ግን አልተወም። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት በዚሁ ከተማ ነው፤ ቢሆንም በልጅነታችን ጣናን ዋኘንበት እንጂ ቁጭ ብለን አላየነውም ነበርና ዕይታው ለእኔም አዲስ ሆነብኝ።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ እንግባ፤ የዚህ ቤት ጠባይ የሚታወቀው እዚያ ነውና። ወለሉ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ነው፤ ውሃ ሲነካው ሳሙና የተቀባ ያህል ያንሸራትታል። የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ከጉልበቴ ከፍ ስለሚል ለመግባት አንዱን እግር አንስቶ በሌላው መቆም ግድ ነው። የምይዘው ነገር ብፈልግ ያገኘሁት የፎጣ መስቀያ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በሁለተኛው ቀን ከነብሎኑ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። መጸዳጃው በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ መቀመጡስ ይሁን፣ መነሳቱ ነው ጉዱ። ከዚያ በኋላ ገላዬን የታጠብኩት ከወጥ ቤት ባስመጣሁት ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ በባልዲና በጣሳ ነው። በሚያምር ገንዳ አጠገብ በጣሳ መታጠብ ልጅነቴን ቢያስታውሰኝም፣ ይህን ለመሰለ ትዝታ ኪራይ መክፈል አልነበረብኝም።

ሌላው ደረጃው ነው። መኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ሲቆጠር 19 ሲሆን ከመካከላቸው አራተኛው ከሌሎቹ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ መብራት በሄደበት ምሽት ይህችን ሁለት ጣት እግሬ አጥብቆ ያውቃታል። ምድር ቤት ያለው ለ20 ሰው የሚበቃ ሶፋ የተደረደረበት ሰፊ ሳሎን ሲሆን፣ ከኋላው አሮጌ ፍራሽና የቀለም ቆርቆሮ የታጨቀበት ጠባብ ክፍል አለ። ያ ክፍል ተጠርጎ አልጋ እንዲገባበት ጠየቅኩ። አከራዬ እሺ ለማለት አልዘገዩም፤ ሥራው ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአሥረኛው ቀን ሠራተኛዋና ዘበኛው አልጋውን ተሸክመው አወረዱልኝ፤ ከዚያ ወዲያ መስኮቴ የሚያሳየኝ የአጥሩን ግንብና የውሃ ሮቶውን ነበር። ለሐይቁ ዕይታ የምከፍለው ገንዘብ ፎቅ ላይ ቀረ ማለት ነው። ቤቱን ያሠሩት ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች መሆናቸውን ኋላ ስሰማ ነገሩ ገባኝ፤ ለክረምት ዕረፍት ከነልጆቻቸው ሲመጡ የሚያምርባቸውን ቤት ነው ያሠሩት።

ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ቢሆንም ሮቶው ትልቅ ስለሆነ አልተቸገርኩም፤ ጄነሬተሩ ይሠራል፣ ነዳጁ ግን በተከራዩ ነው፤ ይህ በውሉ ላይ አልተጻፈም።

ስለ ምግቡ የምናገረው መልካም ነው። ስኳርና ደም ግፊት እንዳለብኝ ለሠራተኛዋ በመጀመሪያው ቀን ስነግራት «እናቴንም ያስታመምኩት በዚሁ ነው፣ ጋሼ፤ አያስቡ» አለችኝ፤ እውነትም ጨውና ዘይቱን ያለ ማስታወሻ መጠነችልኝ። የጤፉን እንጀራ ከዳጉሳ እየቀላቀለች ትጋግራለች፤ የቀረሶ ጥብሷ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች የሚስተካከለው አላገኘሁም። በዓርብና በረቡዕ አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክራችን ግን ሦስት ወር ሙሉ አላለቀም፤ እርሷ ስላልፈቀደች በጾም ቀን የበላሁት ሽሮ ነው። የቤቱ ባለቤቶች ይህችን ሴት እንዳያጡ ደመወዟን ቢያስቡበት ይበጃል፤ ኪራዩን ያየ ሰው የእርሷን ድርሻ ሲሰማ አንገቱን ይደፋል።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ ስኳሬ ወርዶ ነቃሁ፤ ላብ አጥምቆኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የበሩን ቁልፍ ለማዞር እንኳ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ዘበኛው መስኮቱን ስመታ ሰምቶ መጣ፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ካጠጣኝ በኋላ ባጃጅ ሊፈልግ ወጣ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። በውሉ ላይ «የ24 ሰዓት አገልግሎት» በሚለው አንቀጽ ሥር የተሰጠውን ስልክ ብንደውል አይነሳም። ዘበኛው የጎረቤት በር አንኳኳ፤ ከዚያ በፊት ከሰላምታ በቀር ያልተነጋገርኳቸው ሰው ጋቢያቸውን እንደደረቡ መኪናቸውን አስነስተው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ እስኪነጋም ከጎኔ አልተነሱም። የቤንዚን ልስጥዎ ብላቸው ቅር አላቸው። ሕክምናው 1,400 ብር አስከፈለኝ። ሜሪላንድ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ አምቡላንሱ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ደርሷል፤ የአምቡላንሱ ሒሳብ ብቻ ከመድን በፊት 900 ዶላር ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውም አልነበረም፣ ሚስቴ ማታ ሥራ ላይ ስለነበረች። ሁለቱን ሌሊቶች አስተያይቼ አንዱን ለመምረጥ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ለዚህ ግምገማ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ግልጽ ነው፦ ያዳነኝ ነገር ከከፈልኩበት አገልግሎት ውስጥ አልነበረም።

ስለ ገንዘቡ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና። ኪራዩ ሠራተኛና ዘበኛን ጨምሮ በወር 80,000 ብር ነበር። አከራዬ በመጀመሪያ የጠየቁኝ በዶላር ሲሆን፣ በብር ካልሆነ አልዋዋልም ብዬ ነው የተስማማነው፤ ቀብድ የተቀበሉት የአንድ ወር ሲሆን ስወጣ ሳያጎድሉ መልሰውልኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከ120 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። በዶላር ጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጉልበት ነው። የክፍል ጓደኛዬ የነበረው ሰው 38 ዓመት አስተምሮ በ60 ዓመቱ በሕጉ መሠረት ጡረታ ወጥቷል፤ የወር ጡረታው የእኔን የአንድ ሳምንት ኪራይ አይሞላም። በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣን «አንተ እኮ ጡረታ አልወጣህም፣ ዕረፍት ላይ ነህ» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

የአሜሪካው ጡረታ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የምንለው፣ የአገሩ ዜጋ ለሆነ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ቢኖርም አይቋረጥም። የካቲት 1950 ዓ.ም. በመወለዴ ሙሉ ጡረታ የሚከፈለኝ 66 ዓመት ከ8 ወር ሲሞላኝ ነበር፤ ያንን ጠብቄ ነው ሥራ ያቆምኩት። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠውን፣ «ኤስ ኤስ አይ» የሚባለውን ድጎማ የሚቀበሉ አረጋውያን ግን ይጠንቀቁ፤ ከአገሩ 30 ቀን በተከታታይ የወጣ ሰው ይቋረጥበታል፤ ይህንን ሳያውቁ ለልጅ ሠርግ መጥተው የከረሙ እናቶችን አውቃለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ነው። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም፤ ያቺን የክሊኒክ ሌሊት አንድ ሳንቲም አልሸፈነልኝም። የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነውን፣ «ቢ» የሚባለውን የሜዲኬር ክፍል መዋጮ፣ በፈረንጆች 2025 በወር 185 ዶላር የሆነውን፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ መክፈል እንደ ብክነት ይታያል፤ ተወው ብለው የመከሩኝም አሉ። ነገር ግን አቋርጦ ኋላ መመለስ የሚፈልግ ሰው ለተቋረጠበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የ10 በመቶ ቅጣት መዋጮው ላይ ይጨመርበታል፣ ቅጣቱም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። በ75 ዓመቴ ልቤ ቢያስቸግረኝ ወዴት እንደምሮጥ ስለማውቅ አላቋረጥኩትም። የአሜሪካው የግብር ማስታወቂያም የትም ቢኖሩ አይቀርም፤ ውጭ አገር ባንክ ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ለብቻው ይገለጻል።

በኢትዮጵያ በኩል ወረቀቱ ከፈራሁት ቀሏል። አገሪቱ ጥምር ዜግነትን ባትቀበልም፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያስቀምጣል፣ ቤት ባለቤት ለመሆንም ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥን ግን አይጨምርም። በተወለድኩበት ከተማ፣ በቋንቋዬ እየተከራከርኩ፣ ድምፅ የሌለኝ ሰው ነኝ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ያሳከሙኝ ሰው የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ኖረዋል። በሚቀጥለው እሑድ ከስብሰባው ይዘውኝ ሄዱና አባል መሆን እንደምፈልግ ተናገሩልኝ። የእድሩ ዳኛ ሰማንያ የደፈኑ ሽማግሌ ናቸው፤ «ክረምቱንስ ከእኛው ጋር ነህ ወይ፣ ወንድሜ?» ብለው ጠየቁኝ። በጥር መጨረሻ እንደምሄድ፣ ወደፊት ግን ግማሹን ዓመት እዚህ ግማሹን እዚያ ለመኖር እያሰብኩ መሆኑን አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ስድስት ወር ሙሉ በቀረህ ቁጥር ብንቀጣህ ቤት ሸጠህም አትከፍለው» አሉኝ። ጉባኤው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መዝገቡ ላይ ግን አልተጻፍኩም።

ግማሽ እዚህ ግማሽ እዚያ የሚለው ምክር ከውጭ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነው፤ እኔም ይዤው የመጣሁት ይህንኑ ነበር። ዋጋውን ያየሁት በዚያች እሑድ ነው። ሜዲኬር ካልተገኘሁበት አይከፍልልኝም፣ እድሩም ካልተገኘሁበት አይቀበለኝም። ሜሪላንድም እድር አለኝ፤ ከሞትኩ አስከሬኔን አገር ቤት የሚልክ ነው። ከነሕይወቴ መጥቼ ግን ሰፈሬ ያለው እድር ገና አልተቀበለኝም።

ለሜሪላንዱ ኑሮም ፍርዱን ላለማጓደል፦ የምንኖርበት አራተኛ ፎቅ ሊፍት አለው፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የተተከለውን ብረት እስካጣው ድረስ መኖሩንም አላስተዋልኩትም ነበር። መድኃኒቴ በቀኑ ይደርሳል። ፊት ለፊታችን ያለው በር ባለቤት ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቴ ሲሆን ስሙን የማውቀው ደብዳቤው በስሕተት እኛ ሳጥን ሲገባ ነው። ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ በክረምታቸው በመካከላችን የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ እነርሱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባሕር ዳር ላይ እኩለ ሌሊት ይቃረባል፤ ታናሹ ሦስት ወር ሙሉ ያየኝ ጋቢ ለብሼ ሳዛጋ ነው። ሚስቴ አብራኝ አልመጣችም። «አንተ ጣናን ታያለህ፣ እኔ ማንን ልይ?» ነው የምትለው፤ እናቷም እህቶቿም አርፈዋል፤ አገር ቤት የምትለው ከእነርሱ ጋር ነው ያለቀው። ቤቱ ጡረተኛን አስቦ ተሠራ ሲባል ጡረተኛው ብቻውን ሆኖ ነው የታሰበው።

ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የክልሉ መንገዶች ደኅንነት ማጣት የታወቀ ነው። በቆይታዬ ከከተማዋ የወጣሁት በአውሮፕላን ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ይበርራል። የአባቴ ዘመዶች የሚኖሩት በመኪና ሦስት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ነው፤ አላየኋቸውም። አከራዬን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ነገር ግን ጡረታውን እዚህ ሊያሳልፍ የሚያስብ ሰው ከቤቱ ኪራይ በፊት መመርመር ያለበት ይህንን ነው።

የራሴን ስሕተትም ላክል። የመጣሁት ሰማዩ በጠራበት፣ ጥምቀትና ሰባር ጊዮርጊስ በሚከበሩበት፣ ከተማዋ አምራ በምትታይበት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴን አላየሁም፤ የወባው ወቅትም የሚበረታው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ስለሆነ የደረስኩት ከእኩሌታው በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ የቤቱ አጎበር ሁለት ቦታ የተቀደደ ሆኖ ስላገኘሁት በመጀመሪያው ሳምንት የራሴን ገዝቻለሁ። ጣናን ስላስጨነቀው እምቦጭ ለሚጠይቁኝ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዳርቻ አላየሁትም።

ለዚህ ቤት ከአምስቱ ነጥብ ሦስቱን እሰጠዋለሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የሠራተኛዋና የዘበኛው ናቸው። ከነልጆቹ ለአንድ ወር ወይም ለሁለት ወር ለሚመጣ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ፎቁም ሳሎኑም ሰገነቱም ለእርሱ የተሠሩ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ሊቀመጥበት ለሚያስብ፣ በተለይም ዕድሜው ከ65 ላለፈ ሰው ግን በዚህ ይዞታው አይሆንም። አከራዬ የዓመት ውል በቅናሽ ሊሰጡኝ ቢጠይቁኝም አልተቀበልኩም። በሐምሌ ልመለስ አስቤያለሁ፤ ያን ጊዜ የምከራየው ከሐይቁ ራቅ ብሎ ያለ፣ ሐይቁን የማያሳይ፣ ምድር ቤት ብቻ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ኪራዩ የዚህኛውን ሲሶ አይደርስም፣ የሰፈሩም እድር ያው የጎረቤቴ እድር ነው። ክረምቱን ከከረምኩ ሽማግሌው ምን እንደሚሉኝ እናያለን። ሚስቴ እስካሁን አብሬህ እመጣለሁ አላለችም።

ስወጣ ለአከራዬ የሚስተካከሉትን ነገሮች በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያዝ ብረት ከሁሉ በላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት የተተከለውን ብረት ፎቶ አንስተው «ጋሼ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ» ከሚል መልእክት ጋር ላኩልኝ። ጥሩ ብረት ነው፣ ጠንክሮም የተያዘ ይመስላል። የተተከለው ግን ከመጸዳጃው በስተግራ ነው፤ የማይታጠፈው ደግሞ የቀኙ ጉልበቴ ነው። አመስግኜ፣ ለሚቀጥለው ተከራይ በቀኝም አንድ እንዲጨምሩ ጽፌላቸዋለሁ።